ጋቢው የተገፈፈ መሬት

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ስለ ሙቀት ማስተማር ስጀምር ሳልጠይቀው የማላልፈው አንድ ጥያቄ አለ። መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት የበረዶ ቁራጮች አሉን እንበል። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ እንዲሁ ተቀምጧል፤ ሁለተኛው በጋቢ ተጠቅልሏል። ቀድሞ የሚቀልጠው የትኛው ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ «በጋቢ የተጠቀለለው!» ይላል። ጋቢ ያሞቃል ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው እንዲህ ቢመልስ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጋቢ የራሱ የሆነ ሙቀት የለውም፤ ሥራው ሙቀት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚያደርገውን ጉዞ ማዘግየት ብቻ ነው። ብርድ ላይ ለቆመ ሰው ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይጠብቅለታል፤ ለበረዶው ደግሞ የክፍሉ ሙቀት እንዳይደርስበት ይከላከልለታል። ስለዚህ በጋቢ የተጠቀለለው በረዶ ዘግይቶ ይቀልጣል።

በዓለማችን ሰሜናዊ ክፍል፣ በአላስካ፣ በካናዳና በሳይቤሪያ፣ ይህ የክፍል ውስጥ ጥያቄ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ስኩዌር ኪሎ ሜትሮች ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ከታች በረዶ ያዘለ መሬት አለ፤ ከላይ ዛፍና ቁጥቋጦ፣ ከእነርሱም ሥር የተነጠፈ ወፍራም የዕፅ ምንጣፍ ጋቢ ሆኖ ለብሶታል። የሰው ልጅ ለእርሻ፣ ለጣውላ ወይም ለመንገድ ሲል ይህን ጋቢ ሲገፍፈው በረዶው ምን እንደሚሆን ፊዚክስ ሳይቸገር ይነግረናል። በዚያ አፈር ውስጥ የሚኖሩት፣ በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ተሕዋስያን ምን እንደሚሆኑ ግን መታወቅ የጀመረው በቅርቡ ነው። የዛሬው ጽሑፍ ስለ እነርሱ ነው። የፊዚክስ መምህር ወደ ባዮሎጂ ሰዎች ማሳ ሲገባ አጥር መዝለሉን ያውቃልና የባልደረቦቼን ይቅርታ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ስለ ቃል አንድ ነገር ላስቀድም። በተለመደው አነጋገራችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ባዘቶ የሚወርደውንም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም በአንድነት «በረዶ» እንላቸዋለን። በዚህ ጽሑፍ እንደ ባዘቶ የሚወርደውን «አመዳይ»፣ ከውኃ የረጋውን ጠጣር ደግሞ «በረዶ» እያልሁ እለያቸዋለሁ።

ከአመዳይ በታች ያለ ትንፋሽ

ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴ በሰሜን ፊንላንድ በነበርሁበት ጊዜ፣ በመጀመሪያው የብርድ ወቅት፣ በአፈር ጥናት ላይ የተሰማራ አንድ የትምህርት ጓደኛዬ ወደ ጫካ ወሰደኝ። የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ግማሽ ሜትር ያህል የተቆለለውን አመዳይ በአካፋ ገለል አደረግንና ቴርሞሜትሩን መሬቱ ላይ አስቀመጥነው። የተነበበው ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም ነበር። ለፊዚክስ ተማሪ ይህ ሊያስደንቅ አይገባውም፤ አመዳይ አብዛኛው አካሉ አየር ስለሆነ ከጋቢ የማይተናነስ መከላከያ ነው። ያስደነቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ጓደኛዬ ባልዲ የመሰለ ዕቃ መሬቱ ላይ ደፍቶ ከውስጡ ያለውን አየር በመሣሪያ ይለካ ጀመር። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ዝግ እያለ፣ ግን ሳያቋርጥ፣ ይጨምር ነበር። ዛፉ እንቅልፍ ላይ ነው፤ ሣሩ ደርቋል፤ አፈሩ ግን ይተነፍሳል።

መሬት በረዶ ሆነ ማለት በውስጡ ያለው ውኃ በሙሉ ጠጥሯል ማለት አይደለም። ከአፈር ቅንጣቶች ገጽ ጋር የተጣበቀ እጅግ ስስ የውኃ ሽፋን ከዜሮ ዲግሪ በታችም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። በአንድ በኩል የቅንጣቱ ገጽ የውኃ ሞለኪውሎችን ስቦ ስለሚይዛቸው በበረዶ ሥርዓት ለመደርደር ነፃነት አያገኙም። በሌላ በኩል በረዶ ሲረጋ በውኃው የሟሟውን ጨው ወደ ውጭ ስለሚገፋ የተረፈው ውኃ ይበልጥ ጨዋማ ይሆናል፤ ጨዋማ ውኃ ደግሞ የሚረጋው በዝቅተኛ ሙቀት ነው። ተሕዋስያኑ የሚኖሩት በዚህ ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ በሳይቤሪያ በረዷማ አፈር ላይ የተደረገ ጥናት እስከ ዜሮ በታች 20 ዲግሪ ድረስ የሕይወት እንቅስቃሴ መለካቱን አመልክቷል።

ኬሚስቶች ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ አዝጋሚ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል ይላሉ። በበረዶው ወሰን አካባቢ ይህ ደንብ በቂ አይደለም። አፈሩ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የሚለወጠው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የፈሳሹ ውኃ መጠንም ስለሆነ የተሕዋስያኑ እንቅስቃሴ ብዙ እጥፍ ይዘላል። የመኖሪያ ክፍላቸው እየሰፋ፣ ምግባቸውም እየቀረበ ይሄዳል እንደ ማለት ነው። በዚህ ወሰን ላይ በጥቂት ዲግሪ የሚጫወት ሁሉ በእነርሱ ሕይወት ይጫወታል። ያ ተጫዋች ብዙ ጊዜ መጥረቢያ ወይም ማረሻ የያዘ ሰው ነው።

የፌርባንክስ ሦስት መደቦች

ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ሳያልፍ የቆየ መሬት ፐርማፍሮስት ይባላል። በላዩ ያለው በየዓመቱ በሙቀት ወራት የሚቀልጥ፣ በብርድ ወራት ተመልሶ የሚረጋ ስስ ንብርብር የሥሮችና የአብዛኞቹ ተሕዋስያን መኖሪያ ነው። በአላስካ መሀል በምትገኘው በፌርባንክስ ከተማ አካባቢ ፐርማፍሮስቱ በጠርዝ ላይ የቆመ ነው፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች የሚወርደው በጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህም አንዱ ኮረብታ ሥር አለ፣ ማዶው ላይ የለም። የት እንደሚኖርና የት እንደማይኖር በአመዛኙ የሚወስነው የላይኛው ልብስ ነው።

የዚህ ልብስ ዋናው ክፍል ሞስ ነው፤ በእርጥብ ድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፎ የምናየው ዓይነት ዕፅ። በሰሜኑ ደን ውስጥ ግን ውፍረቱ እግር እስኪሰምጥበት ይደርሳል። ለኔ ለፊዚክስ ሰው የሞስ ውበት ጋቢነቱ በሁለቱ ወቅቶች እኩል አለመሆኑ ላይ ነው። በሙቀት ወራት የላዩ ይደርቃል፤ አየር የሞላበት ደረቅ ሞስ ደግሞ ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም። በብርድ ወራት መግቢያ ውኃ ይጠጣና ይረጋል፤ በረዶ ደግሞ ከፈሳሽ ውኃ አራት እጥፍ ገደማ የሚበልጥ የሙቀት አስተላላፊነት አለው። ውጤቱም የበጋው ሙቀት በቀላሉ ወደ ታች አይገባም፣ የመሬቱ ሙቀት ግን በብርዱ ጊዜ በቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል። የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች ዳዮድ የሚሉት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ ማለት ነው። ዛፎቹም ይረዱታል፤ አመዳዩን በቅርንጫፎቻቸው ስለሚይዙት ከሥራቸው ያለው መሬት ስስ አመዳይ ለብሶ ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

እ.ኤ.አ. በ1946 የአሜሪካ ጦር የምሕንድስና ክፍል በፌርባንክስ አጠገብ ጎናቸው 61 ሜትር የሆነ ሦስት መደቦችን አዘጋጀ። ዓላማው ስለ ተሕዋስያን ማወቅ አልነበረም፤ መንገድና አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠሩ መሐንዲሶች መሬቱ ለምን እንደሚሰምጥባቸው ማወቅ ፈልገው ነው። አንደኛው መደብ ደኑ እንዳለ ተተወ። ከሁለተኛው ዛፉና ቁጥቋጦው ተቆርጦ ከሥሩ ያለው የሞስና የሥር ምንጣፍ እንዲቆይ ተደረገ። ሦስተኛው ግን አፈሩ እስኪታይ ድረስ ተገፈፈ። ከ26 ዓመታት በኋላ ሲለካ በአንደኛው መደብ ፐርማፍሮስቱ በቦታው ነበር። በሁለተኛው የበረዶው ጣራ 4.7 ሜትር፣ በሦስተኛው ደግሞ 6.7 ሜትር ከመሬት ገጽ በታች ወርዶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 በሦስተኛው መደብ ጥልቀቱ ወደ 10 ሜትር ተጠግቶ ነበር።

በሁለተኛው መደብ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። እዚያ አፈሩን ማንም አልነካውም፤ ምንጣፉም አልተነሣም፤ የሄዱት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ብቻ ናቸው። ያም ሆኖ በረዶው አራት ሜትር ከምናምን ወረደ። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ ይህም ያንኑ ያህል ውኃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚበቃ ሙቀት ጋር እኩል ነው። መሬቱ ይህን ሁሉ ሙቀት የተቀበለው ከየትም ልዩ ምንጭ ሳይሆን በየዓመቱ ከገባው ላይ ሳይወጣ ከቀረችው ትንሽ ልዩነት ነው።

ገበሬዎቹ ይህን ከመሐንዲሶቹ በፊት ያውቁት ነበር ለማለት ይቻላል። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ወርቅ ፍለጋ ወደ ፌርባንክስ የጎረፈውን ሕዝብ ለመመገብ ደኑ እየተመነጠረ ድንችና እህል ተዘራ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ሜዳው ማሳ ጉብታና ጎድጓዳ ያወጣ ጀመር፤ ከሥሩ የነበረው የበረዶ ግንድ ቀልጦ ባዶ ቦታ ጥሎ ነበርና። ጂኦሎጂስቱ ትሮይ ፔዌ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጥናት እስከ 6 ሜትር የሚጠልቁ ጉድጓዶችን መዝግቧል። ለትራክተር አይደለም ለበሬም የማይመች እርሻ!

ተሕዋስያኑስ?

የጦሩ መሐንዲሶች ያላሰቡት ጥቅም ከብዙ ዓመታት በኋላ ተገኘ። ሦስቱ መደቦች ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት አየርና በአንድ ዓይነት የአፈር ዘር ላይ፣ የሰው እጅ ያረፈባቸው መጠን ብቻ ተለያይቶ ስለቆዩ ለባዮሎጂ ሰዎች የተዘጋጀ ላቦራቶሪ ሆኑ። በፌርባንክስ የሚገኘው የአላስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመደቦቹ የላይኛውን አፈር ወስደው በውስጡ ያለውን የዘር ቅንጣት በሙሉ አነበቡ። የተነካው መደብ ተሕዋስያን ካልተነካው ጋር በዝርያም በብዛትም እንደሚለያዩ አገኙ። እስከዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲለወጥ ነዋሪው ይለወጣል።

ቀጥለው ያደረጉት ግን እኔን በግሌ ቆም ብዬ እንዳስብ አድርጎኛል። ከየመደቡ ያገኙትን ተሕዋስያን እንደ እርሾ ወስደው በሰሜኑ ደንና ሜዳ የሚበቅሉ አምስት ዕፀዋትን ዘሩባቸው። ከአምስቱ መካከል የአላስካ ነባር ሕዝቦች ለቅመው የሚመገቧቸው ሁለት የፍሬ ቁጥቋጦዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ በሚቀልጠው ፐርማፍሮስት ላይ ከሚገኘው አፈር የመጣው እርሾ የገባላቸው ዕፀዋት እድገታቸው ካልተነካው አፈር እርሾ ከተሰጣቸው ያነሰ ሆነ።

እኔ እስከዚያ ድረስ የነገሩን ሰንሰለት በአንድ አቅጣጫ ብቻ አስበው ነበር፤ ሰው ዛፉን ይቆርጣል፣ መሬቱ ይሞቃል፣ ተሕዋስያኑ ይለወጣሉ፣ አበቃ። ተሕዋስያኑ የሰንሰለቱ ጭራ ነበሩ። ሙከራው ትክክል ከሆነ ግን ጭራው ወደ ራሱ ይመለሳል። ጋቢውን መልሰው መሸመን ያለባቸው ዕፀዋት ናቸው፤ ዕፀዋቱ በሚፈልጉት መጠን እንዳያድጉ የሚያደርጋቸው ደግሞ ጋቢው በመገፈፉ የተለወጠው የአፈር ኅብረተሰብ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባል። በሸክላ ውስጥ የተደረገ ሙከራ ደን አይደለም፤ ወደ ሙቀቱ የሚመለሰውን የመጨረሻውን እርምጃ የጨመርሁትም እኔ ነኝ እንጂ ተመራማሪዎቹ አይደሉም። ሆኖም ደን መንጥሮ «ይመለሳል» ብሎ ለሚያስብ ሁሉ ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ማረሻ ሲጨመርበት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የሰሜኑ ጥድ መሰል ዛፎች ከሥራቸው ጋር ተጣምረው ከሚኖሩ፣ ማይኮራይዛ ከሚባሉ ፈንገሶች ጋር ይረዳዳሉ፤ ፈንገሱ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያቀርባል፣ ዛፉ ስኳር ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የአላስካ መንግሥት በዴልታ ጃንክሽን አጠገብ ሰፊ ደን ለእርሻ ማከፋፈል ሲጀምር የተመረጠው ሰብል የኛው ገብስ ነበር። ገብስ የራሱ ዓይነት የሥር ፈንገስ አለው፤ የዛፎቹን ግን አይቀልብም። ማረሻ ደግሞ ረጃጅሞቹን የፈንገስ ክሮች ይበጣጥሳቸዋል። በታረሰና ማዳበሪያ በገባበት አፈር ሚዛኑ ከፈንገስ ወደ ባክቴሪያ ያጋድላል፤ የምግብ ዝውውሩ ይፈጥናል፣ በአፈሩ የተከማቸውም ካርቦን ቶሎ ይወጣል።

ይህ ካርቦን ቀላል አይደለም። በፐርማፍሮስት አካባቢዎች አፈር ውስጥ የተከማቸው ወደ 1,500 ቢሊዮን ቶን ይገመታል፤ በከባቢ አየር ውስጥ ካለው እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ የቆየው ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለነበር ነው። በእርግጥ የዚህ ሁሉ ዕጣ በእርሻ ብቻ አይወሰንም፤ የዓለም ሙቀት መጨመር ከማንኛውም ማረሻ ይበልጣል።

ውኃውን የሸኘች አገር

በፌርባንክስ የተለወጠው ሙቀቱ ነበር። በተማርሁባት በፊንላንድ ግን ሰው የለወጠው ውኃውን ነው። ከአገሪቱ የብስ ሲሶ ያህሉ ቀድሞ ረግረግ ነበር፤ ውኃው አየር ስለሚነፍገው ሳይበሰብስ በተከማቸ፣ ፒት በሚባል የዕፅ ቅሪት የተሞላ። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዛፍ እንዲያድግበት ተብሎ ቦይ እየተቆፈረለት ከረግረጉ ግማሽ የሚበልጠው ተጠነፈፈ።

በረግረግ ውስጥ ሁለት የሥራ ክፍሎች አሉ ማለት ይቻላል። ኦክስጅን በማይደርስበት ታችኛው ክፍል አርኬያ የሚባሉት ተሕዋስያን ሚቴን ያመርታሉ። ከላይ፣ አየር በሚያገኘው ስስ ክፍል፣ ሚቴን በል ባክቴሪያዎች ወደ ላይ የሚወጣውን ተቀብለው ከፊሉን ይበሉታል። ውኃው በቦይ ሲወርድ የላይኛው ክፍል ይወፍራል፤ ሚቴኑ በእጅጉ ይቀንሳል። ጥሩ ዜና ይመስላል። ነገር ግን አየር ያገኙት ሌሎቹ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ለሺህ ዓመታት የተከማቸውን ፒት መብላት ይጀምራሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትረስ ኦክሳይድ ይወጣል። በፊንላንድ ከእርሻ መሬቱ አሥር በመቶ ገደማ የሚሆነው ብቻ በፒት ላይ ያለ ሲሆን ከግብርናው ከሚወጣው የሙቀት አማቂ ጋዝ ከግማሽ የሚበልጠው የሚመጣው ከዚያው ነው። ቦዩን ደፍኖ ውኃውን መመለስ ይቻላል፣ በብዙ ቦታም እየተሠራበት ነው፤ ግን ሚቴን አምራቾቹም አብረው ይመለሳሉ።

ሰው በእነዚህ አገሮች መሬት ላይ የሚያደርገው ሁሉ ወደ ማሞቅ ያዘነብላል ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው። በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ፣ ቸርስኪ አጠገብ፣ ሰርጌይ ዚሞቭ የተባለ ሳይንቲስት ፈረሶችና ጎሾችን የመሳሰሉ እንስሳት በአንድ ሰፊ ክልል ውስጥ አስገብቶ ያረባል። እንስሳቱ ሣር ፍለጋ አመዳዩን ሲረግጡትና ሲጭሩት የብርድ ወቅቱ ጋቢ ይሳሳል፤ ቅዝቃዜው ወደ መሬቱ ይዘልቃል። ሐሳቡ በአንድ ክልል ውስጥ ጥሩ ነው፤ ለመላው ሳይቤሪያ የሚበቃ ፈረስ ከየት እንደሚመጣ ግን አልገባኝም።

ሳነቴ ላይ ሁለት ቴርሞሜትሮች

እኛ ፐርማፍሮስት የለንም። ቀዝቃዛ አፈር ግን አለን። በባሌ ተራሮች ከ4,000 ሜትር በላይ በተዘረጋው በሳነቴ አምባ በደረቁ ወራት ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ጥቂት ስትቆይ ይቀልጣል። አላስካ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስበትን መርጋትና መቅለጥ የደጋው አፈራችን በየዕለቱ ያየዋል። እያንዳንዱ መርጋት የተወሰኑ ሕዋሳትን ይፈነዳል፤ ከውስጣቸው የፈሰሰው ለተረፉት ምግብ ይሆናል። ከአምባው ዝቅ ብሎ ያለው አስታ ለግጦሽ ሲባል በየጊዜው ይቃጠላል፤ በሌሎች ተራሮቻችንም የገብስ ማሳ ወደ ላይ ይወጣል። ጋቢው እዚህም ይገፈፋል ማለት ነው፤ የእኛ አፈር ሲገፈፍ ግን ከመሞቅ ይልቅ ሌሊት ይበልጥ ሊረጋ ይችላል።

ከባዮሎጂ ትምህርት ክፍል አንድ ባልደረባዬ ጋር፣ ፈቃድ ካገኘን፣ በመጪው ኅዳር አንዱን ቴርሞሜትር ከአስታ ሥር፣ ሁለተኛውን ከተቃጠለ ቦታ፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ለመቅበር ተነጋግረናል። ተሕዋስያኑን መቁጠር የእርሷ ድርሻ ነው። ሌሊቱን ተራ ገብቶ የሚያነብልን አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንፈልጋለን፤ ፍላጎት ያለው በቢሮዬ ሊያነጋግረኝ ይችላል፤ ጋቢ ይዞ ይምጣ።